ግንድ ሕዋሳትን ለሕክምና ምርት ማቀዝቀዝና ማከማቸት፦ ብልቃጥ ማብዛት ለምን አይበቃም?

ጥያቄዎ በአጭሩ ይህ ነው። ከአጥንት መቅኒ የተገኙ ሜዘንካይማል ግንድ ሕዋሳትን (እንደ አጥንትና ስብ ያሉ ሕዋሳት መሆን የሚችሉ ሕዋሳት ናቸው) በቤተ ሙከራ ያሳድጋሉ። 10 በመቶ ዲኤምኤስኦ (ሕዋስን ከበረዶ ጉዳት የሚከላከል ኬሚካል) ባለው ፈሳሽ፣ በአንድ ሚሊ ሊትር 5 ሚሊዮን ሕዋስ እያደረጉ፣ በእጅ ወደ ትንንሽ ብልቃጦች ይሞላሉ። ከዚያም አልኮል በተሞላ የማቀዝቀዣ ዕቃ ውስጥ አድርገው ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ፍሪዘር ያሳድራሉ። ሲያቀልጧቸው ከመቶው ከ90 በላይ በሕይወት ይገኛሉ። አሁን ሥራው ወደ ሕክምና ምርት ሊሸጋገር ስለሆነ በአንድ ዙር 500 ብልቃጥ ይፈለጋል። ስለዚህ ያንኑ ዘዴ ይዤ ብልቃጡንና ፍሪዘሩን ባበዛ ይበቃኛል ወይ? ፍሪዘሩስ ለማከማቻ ይሆናል ወይ? የመጠቀሚያ ጊዜውስ ስንት ዓመት ተብሎ ይጻፍ? ብለዋል።

አይበቃም። በቤተ ሙከራ ማቀዝቀዝ የቀኑ ሥራ ማብቂያ ነው፤ በምርት ግን ራሱን የቻለ የማምረቻ ደረጃ ነው። እንዲያውም የአንድ ዙር ምርት ምን ያህል ሊሆን እንደሚችል የሚወስነው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ባዮሪአክተርዎ፣ ማለትም ሕዋሱ የሚባዛበት ትልቅ ዕቃ፣ የቱንም ያህል ሕዋስ ቢሰጥዎ፣ ለሕክምና የሚውለው ዲኤምኤስኦ ከተጨመረበት ደቂቃ አንስቶ ቅዝቃዜው እስኪጀምር ባለው አስተማማኝ ጊዜ ውስጥ ሞልተው የሚጨርሱት ያህሉ ብቻ ነው። ይህ ጊዜ ለእርስዎ ሕዋስ ስንት ደቂቃ እንደሆነ ሳይለኩ ትልቅ ዕቃ እንዳይገዙ አደራ እላለሁ።

ምክንያቱን ለማየት ቅዝቃዜ ሕዋስን የሚጎዳበትን መንገድ ማስታወስ ያስፈልጋል። ፒተር ማዙርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1972 ያቀረቡት ማብራሪያ ዛሬም የሙያው መሠረት ነው። ቅዝቃዜው በጣም ሲዘገይ በረዶው ከሕዋሱ ውጭ ይሠራል፤ ያልበረደው ቀሪ ፈሳሽ ጨው እየበዛበት ሲሄድ ከሕዋሱ ውሃ ይስባል፤ ሕዋሱ ይኮማተራል፣ በተከማቸው ጨውም ይጎዳል። ቅዝቃዜው በጣም ሲፈጥን ደግሞ ውሃው ለመውጣት ጊዜ ስለማያገኝ እዚያው ሕዋሱ ውስጥ በረዶ ይሆናል፤ ይህ አብዛኛውን ጊዜ ሕዋሱን ይገድለዋል። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ጠባብ ነው፤ ለእንዲህ ዓይነቶቹ ሕዋሳት በደቂቃ 1 ዲግሪ ገደማ መቀነስ የተለመደ ነው። ክሪስቶፈር ፖልጅና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1949 ግሊሰሮል የአውራ ዶሮን የዘር ሕዋስ ከቅዝቃዜ ጉዳት እንደሚጠብቅ አሳይተዋል። በ1959 ደግሞ ላቭሎክና ቢሾፕ ዲኤምኤስኦም ይህን ማድረግ እንደሚችል አስታወቁ። ዲኤምኤስኦ ወደ ሕዋሱ በፍጥነት ስለሚገባ የጨውን ክምችት ያለዝባል። ነገር ግን በሞቃት ክፍል ውስጥ ሕዋሱ አብሮት በቆየ ቁጥር ራሱ ይጎዳዋል።

አሁን የእርስዎን 500 ብልቃጥ እንውሰድ። አንዱን ለመሙላትና ለመክደን 10 ሰከንድ ቢፈጅ፣ ሁሉም ለማለቅ 5,000 ሰከንድ፣ ማለትም 83 ደቂቃ ይወስዳል። የመጀመሪያው ብልቃጥና የመጨረሻው ብልቃጥ በአንድ የምርት ቁጥር ይመዘገባሉ፤ ሁለቱም ከዲኤምኤስኦ ጋር ሰዓት ከሩብ በላይ ቆይተዋል። በዚህ ላይ ሌላ ችግር አለ። ሜዘንካይማል ሕዋሳት ትላልቅ ስለሆኑ ቶሎ ይዘቅጣሉ። ብልቃጦቹ የሚሞሉበት ዋናው ከረጢት ያለማቋረጥ በዝግታ ካልተናጠ መጀመሪያ የሚሞሉትና መጨረሻ የሚሞሉት ብልቃጦች የሕዋስ ብዛታቸው ይለያያል። አንዱ ታካሚ ከታዘዘለት በላይ፣ ሌላው ከታዘዘለት በታች ሊወስድ ነው። በ20 ብልቃጥ ሥራ ላይ ይህ ሁሉ ስለማይታይ እስካሁን አላጋጠመዎትም።

ስለዚህ በመጀመሪያ የማቆያ ጊዜን ይፈትኑ። ዲኤምኤስኦ የጨመሩበትን አንድ ዝግጅት ይውሰዱና የተወሰኑትን ብልቃጦች ወዲያው፣ ሌሎቹን ከ30፣ ከ60፣ ከ90ና ከ120 ደቂቃ በኋላ ያቀዝቅዙ። ፈተናውን በክፍል ሙቀትም፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜም ያድርጉት። ሲቀልጡ በዚያው ሰዓትና ከ24 ሰዓት በኋላ ይቁጠሩ። የሚያገኙት መስመር ማሽቆልቆል የሚጀምርበት ነጥብ የምርትዎ ወሰን ነው፤ ከዚያም ላይ ለጥንቃቄ ጥቂት ደቂቃ ይቀንሱ። ሞልተው የማይጨርሱት ከሆነ ዲኤምኤስኦውን በአንድ ጊዜ ለሁሉም አይጨምሩ፤ ሕዋሱን ያለ ዲኤምኤስኦ በቅዝቃዜ አቆይተው በክፍል በክፍል ይሙሉት፣ ወይም በዝግ ቱቦ የሚሠራ የመሙያ መሣሪያ ያስገቡ። እያንዳንዱን ክፍል የሚለይ ምልክት በመዝገቡ ላይ መኖር አለበት። አንድ ፋብሪካ ሁለት ሺህ ሊትር ባዮሪአክተር እንዳለው ከሚነግረኝ ይልቅ ይህን የማቆያ መስመር ቢያሳየኝ ስለ ምርቱ ብዙ አውቃለሁ።

ከዚህ ቀጥሎ የማቀዝቀዣው ዕቃ ነው። አልኮል ያለበት ዕቃ ለምርምር ጥሩ አገልግሏል፤ ለሕክምና ምርት ግን የሚቀመጥ መዝገብ የለውም፣ የሚይዘው ጥቂት ነው፣ ፍሪዘሩ ውስጥ ያለው ቦታና የበሩ መከፈት ውጤቱን ይለውጠዋል። በፕሮግራም የሚሠራ ማቀዝቀዣ ያስፈልግዎታል። እሱንም ሲገዙ በመስኮቱ ላይ የሚነበበው የሙቀት መጠን የክፍሉ አየር እንጂ የሕዋሱ እንዳልሆነ ልብ ይበሉ። ፈሳሽ በረዶ ሲሆን ሙቀት ይለቃል። ሃያ ብልቃጥ የሚለቀው ሙቀት ኢምንት ነው፤ 500 ብልቃጥ በአንድ ጊዜ ሲለቅ ግን መሐል ያሉት ወደኋላ ይቀራሉ፣ ዳር ያሉት ይቀድማሉ። ስለዚህ የሙቀት መለኪያ ሽቦ በማዕዘን፣ በዳርና በመሐል ባሉ ብልቃጦች ውስጥ አስገብተው፣ መሣሪያው ጥቂት ሲጫንበትና ሙሉ ሲሆን ለየብቻ መለካት ግድ ነው። ለ100 ብልቃጥ የተስተካከለ ፕሮግራም ለ500 እንዲሁ አይሠራም።

የበረዶው መጀመሪያም የራሱ ጣጣ አለው። ፈሳሹ በረዶ መሆን ከነበረበት ነጥብ አልፎ ሳይበርድ እየቀዘቀዘ ሊወርድ ይችላል። አንዱ ብልቃጥ በ6 ዲግሪ፣ ጎረቤቱ በ15 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሊጀምር ይችላል። ዘግይቶ የጀመረው በአንድ ጊዜ ድንገት ስለሚበርድ ሕዋሱ ውሃውን የሚያስወጣበት ፋታ ያጣል። ስለዚህ በፕሮግራሙ ውስጥ ከዜሮ በታች ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ባለው ቦታ አጭር ከባድ ቅዝቃዜ በመልቀቅ በረዶው በሁሉም ውስጥ በተቀራረበ ጊዜ እንዲጀምር ይደረጋል። ብልቃጦችዎ እርስ በርሳቸው የማይመሳሰል ውጤት ከሰጡ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህን ነው።

ስለ ብልቃጡ ራሱ ደግሞ እስከ ታካሚው አልጋ ድረስ ሄደው ያስቡ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 2024 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር የፈቀደው ራዮንሲል የተባለው ሜዘንካይማል ሕዋስ መድኃኒት፣ የተተከለ መቅኒ የተቀባዩን አካል ሲያጠቃና ስቴሮይድ አልመልስ ሲል ለልጆች የሚሰጥ ነው። መጠኑ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደት 2 ሚሊዮን ሕዋስ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ለ4 ሳምንት ነው። ይህን መጠን እንደ ምሳሌ ብንወስድ፣ 30 ኪሎ ግራም የሚመዝን ልጅ በአንድ ጊዜ 60 ሚሊዮን፣ በስምንቱ ጊዜ 480 ሚሊዮን ሕዋስ ይፈልጋል። በእርስዎ ባለ 1 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ 5 ሚሊዮን ስላለ ነርሷ ለአንድ ጊዜ ብቻ 12 ብልቃጥ ማቅለጥ፣ መክፈትና መቀላቀል ሊኖርባት ነው። 12 ጊዜ መክፈት 12 የብክለት ዕድል ነው፤ የመጨረሻው እስኪቀልጥ የመጀመሪያው በዲኤምኤስኦ ውስጥ ይጠብቃል። የእርስዎ 500 ብልቃጥ ሲታሰብ ደግሞ ከ42 ያነሰ መጠን ነው፤ ሙሉ ሕክምና የሚያገኙት ልጆች 5 ብቻ ይሆናሉ። መሄጃው የሕዋሱን ክምችት ከፍ ማድረግና ወደ ትልቅ ብልቃጥ ወይም ወደ ማቀዝቀዣ ከረጢት መሻገር ነው።

ከረጢት ሲመርጡ በብረት ማቀፊያ ተዘርግቶ ስስ ሆኖ መቀዝቀዝ አለበት፤ ካበጠ መሐሉና ዳሩ አንድ ዓይነት ፍጥነት አይኖራቸውም። በከባድ ቅዝቃዜ ፕላስቲክ እንደ መስታወት ይሰበራል፤ መገጣጠሚያዎቹና የቱቦ ጫፎቹ ላይ የሚፈጠር ስንጥቅ የሚታወቀው ሲቀልጥ ስለሆነ መሸፈኛ ከረጢት ይጨምሩበት። ለአነስተኛ መጠን እኔ ከረጢቱን ትቼ የጎማ ክዳን ያለውን የፕላስቲክ ብልቃጥ እመርጣለሁ፤ ስብራቱ ያንሳል፣ ነርሷም በመርፌ ቀጥታ ትስባለች።

ከዲኤምኤስኦ ነጻ የሆነ ፈሳሽ እንዲፈልጉ የሚገፋፉዎት ሰዎች ይኖራሉ። በመቅኒ ንቅለ ተከላ በተለምዶ የሚጠበቀው ጣሪያ በቀን ለኪሎ ግራም 1 ግራም ዲኤምኤስኦ ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ 12 ሚሊ ሊትር ውስጥ ያለው 1.3 ግራም ገደማ ሲሆን የዚያ ልጅ ጣሪያ 30 ግራም ነው። ማቅለሽለሽና የደም ግፊት መለዋወጥ ሊያስከትል ስለሚችል በዝግታ ይሰጣል እንጂ በደም ሥር ለሚሰጥ ምርት ይህ መጠን ፕሮጀክትን የሚያስቆም ጉዳይ አይደለም። ወደ ዓይን ወይም ወደ አንጎል የሚወጋ ምርት ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያን ጊዜ ማጠብ ወይም ሌላ መከላከያ መፈለግ ይገባል።

ከ90 በመቶ በላይ ያሉትን ቁጥር በተመለከተ ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነውና። በቀለም የሚለካው የተገኙት ሕዋሳት ከመቶ ስንቱ ሕያው እንደሆኑ ነው፤ ፈርሰው የጠፉትን አይቆጥርም። 10 ሚሊዮን አስገብተው 6 ሚሊዮን ቢያገኙና ከእነዚህ 95 በመቶው ሕያው ቢሆን፣ በወረቀት ላይ 95 ይጻፋል፤ በእጅዎ ያለው ግን 5.7 ሚሊዮን፣ ማለትም ካስገቡት 57 በመቶው ነው። ከዚህም ሌላ በቅዝቃዜ የተጎዳ ሕዋስ ወዲያው አይሞትም፤ ራሱን የማጥፋት ሂደቱ የሚጠናቀቀው በቀጣዩ አንድና ሁለት ቀን ውስጥ ነው። በቀለጠበት ሰዓት ሕያው መስሎ የታየው በማግስቱ ላይኖር ይችላል።

ሕያው መሆንም ሥራ መሥራት ማለት አይደለም። የዣክ ጋሊፖ የምርምር ቡድን እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጥናት፣ ገና የቀለጡ ሜዘንካይማል ሕዋሳት የበሽታ መከላከያ ሕዋሳትን የመግታት አቅማቸው ተዳክሞ፣ ለ24 ሰዓት እንደገና ሲያድጉ ተመልሶ ተገኝቷል። በሆስፒታል ውስጥ እንደገና የማሳደግ ዕድል አብዛኛውን ጊዜ የለም። እንግዲህ የምርቱን አቅም የሚፈትኑት ከመቀዝቀዙ በፊት ባለው ሕዋስ ወይም አሳድረው ባገገመው ሕዋስ ከሆነ፣ የፈተኑት ታካሚው የማያገኘውን ነገር ነው። ፈተናው ታካሚው በሚወስድበት ሁኔታ፣ በሚወስድበት ሰዓት መደረግ አለበት። ታካሚው ሌላ አማራጭ ያጣ ልጅ ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ይህን ፈተና ላለመዝለል በቂ ምክንያት ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልምጣ። ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ማከማቻ አይደለም። ዲኤምኤስኦ ያለበት ፈሳሽ ሙሉ በሙሉ እንደ መስታወት ጠጥሮ የሞለኪውሎች እንቅስቃሴ የሚገታው ከዜሮ በታች 120 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው። ከዚያ በላይ ባለ ሙቀት ትናንሾቹ የበረዶ ቅንጣቶች ቀስ በቀስ ወደ ትላልቅ ይዋሃዳሉ፣ ኬሚካዊ ለውጦችም አይቆሙም። በፍሪዘሩ ውስጥ ሳምንታት ባለፉ ቁጥር ሕዋስ ይጠፋል፤ በበሩ መክፈትና መዝጋት ደግሞ ይባባሳል። ፍሪዘሩን ለአንድ ሌሊት መሸጋገሪያ ያድርጉት፤ ቋሚ ቤቱ ግን ከዜሮ በታች ከ150 ዲግሪ በማይሞቅ የናይትሮጅን ተን ውስጥ ይሁን።

ለምን ተኑ እንጂ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ የሆነው ፈሳሹ ራሱ አይሆንም ካሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ ዘገባ መልስ ይሰጣል። በአንድ የፈሳሽ ናይትሮጅን ታንክ ውስጥ የተቀመጠ የመቅኒ ከረጢት አፍስሶ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በፈሳሹ በኩል ወደ ሌሎች ታካሚዎች ከረጢት ተሻግሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ ተን የተመረጠው በዚህ ምክንያት ነው። በተጨማሪም ፈሳሽ የገባበት ብልቃጥ ሲሞቅ ሊፈነዳ ይችላል።

በማከማቻው ውስጥ እጅግ የማሳስበው ግን የታንኩ ሙቀት ሳይሆን የሰው እጅ ነው። አንድ ብልቃጥ ለማውጣት መደርደሪያው ሲነሳ ሌሎቹ ሁሉ አብረው ወደ ክፍሉ አየር ይወጣሉ። ትንሽ ብልቃጥ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከመስታወትነት ነጥቡ በላይ ይሞቃል፤ ሲመለስ እንደገና ይቀዘቅዛል፤ በመዝገቡ ላይ ምንም አይታይም፤ ጉዳቱ ግን ይደማመራል። ስለዚህ በተደጋጋሚ የሚወጣውንና ለዓመታት የማይነካውን በተለያየ መደርደሪያ ያስቀምጡ፤ መለያየቱና ማሸጉ ናይትሮጅን ባለበት ጋሪ ላይ ይሠራ፤ ውጭ የሚቆይበት ሰዓት በሰከንድ ተወስኖ በእያንዳንዱ ማውጫ ይመዝገብ። ዋናው የሕዋስ ባንክዎም በሁለት የተለያዩ ሕንጻዎች ተከፍሎ ይቀመጥ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 4 ቀን 2018 በአሜሪካ ሁለት የተለያዩ የመካንነት ሕክምና ማእከሎች ታንኮች በአንድ ቀን ተበላሹ፤ ከሁለቱ በአንዱ ከ4,000 በላይ የሰው እንቁላሎችና ፅንሶች ጠፉ፤ የርቀት ማስጠንቀቂያው ጠፍቶ እንደነበረም ሆስፒታሉ ገልጿል። ማስጠንቀቂያ መኖሩ አይበቃም፤ በሌሊት ጮኾ ሰው መድረሱን እየቀሰቀሱ ይፈትኑት።

ሠራተኞችዎንም ያስቡ። 1 ሊትር ፈሳሽ ናይትሮጅን ወደ 700 ሊትር ገደማ ጋዝ ይሆናል። ሽታም ቀለምም የለውም፤ ኦክስጅን ባነሰበት ክፍል ሰው ሳይታወቀው ይወድቃል፣ ሊያነሳው የገባውም አብሮ ይወድቃል። የኦክስጅን መለኪያ ሳይተከል ታንክ ማስገባት አይገባም።

ማጓጓዝና ማቅለጥን ባጭሩ ልለፋቸው። ፈሳሹን በውስጡ ምጦ ተን ብቻ የሚይዝ የማጓጓዣ ዕቃ ሲቆም ለብዙ ቀን ቅዝቃዜውን ይጠብቃል፤ በጎኑ ከወደቀ ግን ቶሎ ይጨርሰዋል፤ ሙቀቱንም አቀማመጡንም የሚመዘግብ መሣሪያ አብሮት ይሂድ። ለማቅለጥ የውሃ ገንዳ የብክለት ምንጭ ስለሆነ ውሃ አልባ ማቅለጫ ይሻላል፤ ከቀለጠ በኋላ በስንት ደቂቃ ውስጥ መሰጠት እንዳለበት ደግሞ ከላይ በነገርኩዎት የማቆያ ፈተና ዓይነት ራስዎ ለክተው በመለያ ጽሑፉ ላይ ያስፍሩት።

ወደፊት ወደ አይፒኤስ ሕዋሳት (ከተራ የሰውነት ሕዋስ ወደ ግንድ ሕዋስነት የተመለሱ ሕዋሳት) ለመሻገር ካሰቡ ከዚህ ውስጥ ጥቂቱ ይለወጣል። እነዚህ ሕዋሳት ተነጣጥለው ሲቀሩ ይሞታሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የጃፓን ተመራማሪዎች ሮክ የተባለውን ኢንዛይም የሚገታ ውህድ በሰው የፅንስ ግንድ ሕዋሳት ላይ ይህን ሞት እንደሚቀንስ ካሳዩ ወዲህ ከቀለጡ በኋላ እሱን መጨመር የተለመደ ሆኗል። ብዙ ጊዜ ሲባዙም በ20ኛው ክሮሞሶም ላይ ያለ ቁራጭ የሚጨምርባቸው ዝርያዎች ስላሉ ባንኩ ከመከማቸቱ በፊት የክሮሞሶም ምርመራ ያስፈልጋል። በአንጻሩ የሜዘንካይማል ሕዋሳት የመባዛት ዕድሜ ውስን ስለሆነ አንድ ለጋሽ ለዘላለም አይበቃዎትም፤ ለጋሽ በተለወጠ ቁጥር የማቆያና የማቀዝቀዣ ፈተናውን መድገም ይኖርብዎታል።

የመጨረሻው ጥያቄ የመጠቀሚያ ጊዜው ነው። የሃል ብሮክስማየር ቡድን እ.ኤ.አ. በ2011 ከ23 ዓመት በላይ በርዶ ከቆየ የእትብት ደም የሚሠሩ ግንድ ሕዋሳት ማግኘቱን አሳውቋል፤ ስለዚህ ቅዝቃዜው ካልተቋረጠ ጊዜው ራሱ ጠላት አይደለም። ይሁንና በዚህ ተመርኩዘው 20 ዓመት ብለው መጻፍ አይችሉም፤ የእነሱ ሕዋስ፣ ፈሳሽና መያዣ የእርስዎ አይደለም። እንደ እንክብል መድኃኒት በሙቀት አፋጥኖ መፈተንም እዚህ አይሠራም፤ ከመስታወትነት ነጥቡ በላይ ሲሞቅ የሚደርሰው ጉዳት በቅዝቃዜ ከሚያልፈው ዓመት ጋር አይመሳሰልምና። የሚሠራው በእውነተኛ ጊዜ መከታተል ነው። ለታካሚ በሚውለው መያዣ፣ በመጨረሻው ፈሳሽና በመጨረሻው ፕሮግራም ከተሠራው የመጀመሪያ ዙር፣ ከሙሊቱ መጀመሪያ፣ ከመሐሉና ከመጨረሻው የወጡ ብልቃጦችን ለዚህ ብቻ ያስቀምጡ። በ3፣ በ6፣ በ12 ወር፣ ከዚያም በየዓመቱ ያቅልጡ፤ የተገኘውን ብዛት፣ የ24 ሰዓቱን ቆጠራና የአቅም ፈተናውን ይሥሩ። ዛሬ አንድ ዓመት ብለው ጽፈው ማስረጃው ሲጠራቀም ማራዘም ይችላሉ። ከቁጥሩ ሲሶ ያህል ጨምረው ያስቀምጡ፤ አንድ ፈተና ቢበላሽ መድገሚያው ከዚያው ዙር ብቻ ነው የሚገኘው።